የአንድ ሺህ ብር ክብር

የኢትዮጵያ ሕግ የሰውን ፎቶግራፍ መጠበቅ የጀመረው ፌስቡክ ሊፈጠር 44 ዓመት ሲቀረው ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። በዚያ ዘመን «አደባባይ» ሲባል ትዝ የሚለው የፎቶ ቤት መስኮት ነበር። ፎቶ አንሺው የቆንጆ ደንበኛውን ፎቶ አሳድጎ መስታወቱ ላይ ይሰቅላል፤ አላፊ አግዳሚው ያያል፤ የልጅቷ አባት ከሰማ ዱላ ይዞ ይመጣል። ሕጉ ዱላውን በክስ ለወጠው። ዛሬ ያ መስኮት በየሰው ኪስ ውስጥ ገብቷል፤ አንቀጹ ግን አንድ ቃል ሳይጨመርለት አሁንም ይሠራል።

ስለ ኢንተርኔትና ሕግ ሲወራ አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚያነሣው አዲሶቹን አዋጆች ነው፤ የኮምፒዩተር ወንጀሉን፣ የጥላቻ ንግግሩን። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ለተቃራኒው ነው። ተራው ሰው ሲበደል የሚደርስለት ያ አሮጌ ሕግ ነው። አዲሶቹ አዋጆች ያደጉት በእስር ቤት በኩል ነው፤ ካሳው ግን በንጉሡ ዘመን የቆመበት ቆሞ ቀርቷል።

ጉዳዩን ወደ ሰፈር እናውርደው። የሚከተለው ለማስረዳት የተፈጠረ ምሳሌ ነው፤ ማንንም አይመለከትም። አንዲት ወጣት፣ ካዛንቺስ ስልክ መጠገኛ ሱቅ የምትሠራ እንበል፣ ከሥራ ወጥታ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ታክሲ ትጠብቃለች። ረዳቱ «ሃያ ሁለት! የሞላ ሃያ ሁለት!» እያለ ይጮኻል። አንድ ልጅ ማይክ አፏ ላይ ደቀነ፤ ጓደኛው ከኋላው ስልክ ደግኗል። «እህቴ፣ አንዴ ብቻ! ባልሽ ደመወዙ ስንት እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?» ሳቀች። «መቶ ሺህ» አለች፤ ቀጠል አድርጋም «ኧረ ቀልዴን ነው፣ ሰው ይሁን እንጂ ሌላው ይመጣል» ብላ ታክሲዋ ውስጥ ገባች። ማታ ቲክቶክ ላይ የወጣው ቪዲዮ «መቶ ሺህ» ላይ ተቆርጧል። ከላዩ «የካዛንቺስ ሴት ዋጋዋ ታወቀ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። በነጋታው ሱቁ በር ላይ እየተጠቋቆሙ የሚስቁ አሉ። ወንድሟ ከደሴ ደውሎ «ምንድን ነው ይሄ የማየው?» አላት። ኮመንቱ ውስጥ የተጻፈውን እዚህ አልደግመውም።

ይህች ልጅ ሕግ አላት ወይ? አላት። ነገር ግን ሕጉ በር ላይ የሚጠብቃት ክርክር አለ።

የቪዲዮው ባለቤት ጠበቃ የሚቆመው አንቀጽ 28 ላይ ነው። ታዋቂ ሰው ከሆነ፣ የመንግሥት ሥልጣን ከያዘ፣ ፍትሕ ወይም ፖሊስ ከፈለገው፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ከተፈለገ፣ ወይም ምስሉ በአደባባይ ከተፈጸመ ነገርና ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። «ኡራኤል መንገድ ዳር አደባባይ አይደለም እንዴ?» ይላል ጠበቃው። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጥር 22 ታቦት ሲወጣ መንገዱን የሞላውን ሕዝብ የቀረጸ ሰው የእያንዳንዱን ምእመን ፈቃድ ይጠይቅ ማለት ዘበት ነው፤ ሕጉም አይልም። ከዚያ ሕዝብ መካከል ግን አንዲት የምታለቅስ እናት ለይቶ፣ ፊቷን አቅርቦ፣ የራሱን ጽሑፍ ለጥፎ የሚያወጣ ሰው የሚያሳየው በዓሉን አይደለም፤ እሷን ነው። የእኛዋ ልጅ ደግሞ ታክሲ ከመጠበቅ በቀር ምንም አልፈጸመችም። እኔ ዳኛ ብሆን የአንቀጽ 28ን በር ለዚህ ልጅ አልከፍትለትም።

ሁለተኛው መከላከያ «ፈቅዳ ነው የተናገረችው» የሚል ነው። ማይክ ላይ መናገር ለመናገር መፍቀድ ነው፤ የተናገሩት ተቆርጦ ሌላ ትርጉም እንዲይዝ መፍቀድ ግን አይደለም። ሥጋ ቤት ገብቶ ማዘዝና ሥጋ ቤቱ ውስጥ መታረድ አንድ ናቸው ካልተባለ በቀር።

አንቀጽ 29 ቀጥሎ የሚለው ለቲክቶክ ዘመን ታስቦ የተጻፈ ይመስላል። ባለምስሏ ማሳየቱ እንዲቆም መጠየቅ ትችላለች። ፍርድ ቤቱም ያሳየው ሰው ከምስሉ ባገኘው ጥቅም ልክ ኪሣራ እንዲከፍላት ሊወስን ይችላል። ከዚያ የበለጠ ካሳ፣ ለኅሊና ጉዳትም ጭምር፣ መጠየቅ የምትችለው ደግሞ «አውርድ» ተብሎ ወዲያው ካላወረደ ነው። ድሮ አንድ ሰው ሌላውን መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ካለው፣ የተባለው ሰው ቆሞ ይጠብቅ ነበር እንጂ አይንቀሳቀስም ነበር፤ ቢንቀሳቀስ ጥፋቱ ይከብድበታል። አንቀጽ 29 ያንን ነው ያቆየው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጠበቃ መፈለግ አይደለም፤ ለቪዲዮው ባለቤት በጽሑፍ፣ ቀኑ በሚታይበት መንገድ፣ «ቪዲዮውን አውርድ» ብሎ መላክ ነው። በስልክ ተደውሎ በስድብ ያለቀ ጥያቄ ችሎት ፊት ዋጋ የለውም።

ከምስሉ ሌላ ስሟም አለ። የዚያው ሕግ አንቀጽ 2044 በሕይወት ያለን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም የሚያስቅ ነገር ተናግሮ ወይም ጽፎ ስሙን፣ እምነቱን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ የጣለውን ሰው ጥፋተኛ ያደርገዋል። የተባለው ነገር እውነት መሆኑን ያስረዳ ሰው፣ ዋናው ሐሳቡ መጉዳት ብቻ ካልሆነ በስተቀር፣ ይድናል። ተቆርጦ የተለጠፈ ንግግር እውነት ነው ብሎ ለማስረዳት ግን የተቆረጠውን ማምጣት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ልጁን ራሱን ያጋልጠዋል።

ፍርዱስ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ነው አሳፋሪው ነገር። አንቀጽ 2120 ዳኛው የስም ማጥፋቱን ውጤት የሚሽር ማስታወቂያ በአጥፊው ወጪ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል ይላል፤ ይህ ጥሩ ነው፤ እዚያው አካውንት ላይ ያልተቆረጠው ቪዲዮ እንዲለጠፍ ማዘዝም ይመጣል። የኅሊና ጉዳት ካሳ ግን በአንቀጽ 2116 ጣሪያ ተበጅቶለታል፦ 1,000 ብር። አንድ ሺህ። በ1952 ዓ.ም. ዶላር 2 ብር ከ50 ገደማ ስለነበር ይህ 400 ዶላር ያህል ማለት ነበር፤ ለአንድ ቀበጥ ጋዜጠኛ የሚያስደነግጥ ገንዘብ። ዛሬ ኡራኤል አካባቢ ካለ ካፌ ሁለት ሦስት ሰው ቁርስ ቢጋበዝበት የሚያልቅ ነው። ክሱን የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ፣ የፎቶ ኮፒው፣ የታክሲው ሲደመር ልጅቷ ካሳዋን ችሎት ከመግባቷ በፊት ጨርሳዋለች። ከሥራ ተባርራ ከሆነ ያጣችው ደመወዝ የንብረት ጉዳት ስለሆነ ጣሪያ የለውም። የተሸማቀቀችበት ግን አንድ ሺህ ብር ነው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ለጋዜጣና ለብሮድካስት ይህን ጣሪያ ሰብሮ እስከ 100,000 ብር አድርሶት ነበር። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ጋዜጣ ላይ ስሙ የጠፋ ሰው የካሳ ጣሪያ ፌስቡክ ላይ ስሙ ከጠፋው ሰው መቶ እጥፍ ነበር ማለት ነው፤ ጋዜጣው አምስት ሺህ አንባቢ ቢኖረው፣ ፌስቡኩ ሚሊዮን ቢያየውም።

ሰፈር ውስጥ ግን ይህን ሁሉ ማንም አይነግራትም። «ፖሊስ ጣቢያ ሂጂና ክሰሽው» ነው የሚሏት። ምክሩ ሕግ አለው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 613 የሌላውን ክብር ለመንካት አስቦ እውነት የሆነ ነገር እንኳ ለሦስተኛ ሰው የተናገረን እስከ ስድስት ወር ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ይቀጣዋል፤ ነገሩ ሐሰት ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። «እውነቴን ነው» ብቻውን አያድንም፤ የሕዝብ ጥቅም ይዞ መናገሩን ማስረዳት አለበት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ በአንቀጽ 13፣ በኮምፒዩተር ሥርዓት አማካይነት የሰውን ክብር ወይም መልካም ስም የሚጎዳ ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ምስል ወይም ቪዲዮ ያሰራጨን በግል አቤቱታ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ቡና እየጠጡ ጎረቤት ፊት ቢያወሩት ስድስት ወር የሚያስቀጣ ሐሜት፣ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ቢጻፍ ሦስት ዓመት ሊያስቀጣ ይችላል። ስልክ ኮምፒዩተር ነው፤ አዋጁ የሰጠው ሰፊ ትርጉም ስልክንም ያቅፋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ሚዛኑን ይበልጥ አዛባው። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት ከወንጀልነት እንዲወጣና በፍትሐ ብሔር ብቻ እንዲታይ አደረገ። ጋዜጠኞች ለዓመታት የታገሉለት ነው፤ ትክክልም ነው። ግን ውጤቱን እንመልከተው። ኤዲተር፣ ጠበቃና የጽሕፈት ቤት በጀት ያለው ድርጅት ስም ቢያጠፋ ካሳ ይከፍላል። በስልኳ የምትጽፍ የካዛንቺስ ልብስ ሰፊ ስም ብታጠፋ ልትታሰር ትችላለች። ሙያው የሆነው ሰው በገንዘቡ፣ ሙያው ያልሆነችው ሰው በነፃነቷ ይጠየቃሉ። ይህንን ያህል የተገለበጠ ነገር በአንድ አገር ሕግ ውስጥ ማግኘት ቀላል አይደለም።

እንዲህ የሆነው በድንገት አይደለም። አገሪቱ ከኢንተርኔት ጋር የተዋወቀችው በዐቃቤ ሕግ በኩል ነው። ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ጋዜጠኞች መታሰር ጀመሩ፤ ስድስት ጦማርያን፣ ሦስት ጋዜጠኞች። ስማቸውን ያወጡት ከቃሊቲ ነበር፤ ማረሚያ ቤቱ ስምንት ዞን አለው፣ ዘጠነኛው እኛ ያለንበት ውጪው ነው ብለው። የተከሰሱት በፀረ ሽብር አዋጁ ቁጥር 652/2001 ሲሆን፣ በማስረጃነት ከቀረበባቸው ውስጥ ኢሜይልንና ኮምፒዩተርን እንዴት ከሰላይ መጠበቅ እንደሚቻል የወሰዱት ሥልጠና ይገኝበታል። የቤቱን በር መቆለፍ ሌባነት ነው እንደማለት ነው። አምስቱ በ2007 ዓ.ም. ክረምት ክሳቸው ተነሥቶ ወጡ፤ ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክሱ በነፃ አሰናበተ፤ በፍቃዱ ኃይሉ ብቻ አመፅ በማነሣሣት ክስ እንዲከራከር ተደረገ። ያን ጊዜ የሰማያዊ ፓርቲ የቀድሞ ቃል አቀባይ ዮናታን ተስፋዬ ገና አልታሰረም ነበር። እሱ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ተይዞ፣ ፌስቡክ ላይ በጻፋቸው ጽሑፎች ምክንያት፣ ግንቦት 17 ቀን 2009 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት።

የፀረ ሽብር አዋጁ በ2012 ዓ.ም. ተሽሮ በሌላ ተተክቷል። የተወው ልማድ ግን አልተሻረም፦ ኢንተርኔት ላይ የተጻፈ ነገር ሲያስቆጣ መጀመሪያ የሚታሰበው እስር ነው፤ ለባለ ሥልጣኑም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለተበደለው ጎረቤትም።

የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185 አጸደቀ። ሁለት ወር ቀደም ብሎ አዲስ አበባ መጥቶ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሐሳብ ነፃነት ልዩ ራፖርተር ዴቪድ ኬይ ረቂቁ ለአላግባብ ጥቅም የሚመች ነው ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። አዋጁ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያራምድን ንግግር እስከ ሁለት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ አንድ ዓመት ወይም እስከ 50,000 ብር፤ ያሰራጨበት አካውንት ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው ግን እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር። ቁጥሯ ፌስቡክ ለአንድ ሰው ከሚፈቅደው የጓደኛ ብዛት ጋር መግጠሟ የሚያስገርም ነው፤ ጓደኞቹ ሞልተውበት ሌላ ሰው መቀበል ያቃተው ሰው ሁሉ ከባዱ ቅጣት ደፍ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው የዚህ አዋጅ ክፍል ትርጓሜው ውስጥ ያለው ነው። «ማሰራጨት» ሲተረጎም ላይክ ማድረግና ታግ ማድረግ አይጨምርም ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ሼር ግን በዚህ ምሕረት አልተካተተም። «እኔ አልጻፍኩም፣ ሼር ነው ያደረግሁት» የሚለው መከላከያ ታክሲ ውስጥ ይሠራል እንጂ ችሎት ውስጥ አይሠራም። ለትምህርትና ለሳይንሳዊ ጥናት፣ ለዜና ዘገባ፣ ለኪነ ጥበብ ሥራ፣ ለሃይማኖት ትምህርት የተደረገ ንግግር ደግሞ ከክልከላው ውጪ ነው፤ ይህም የአዋጁ ጥሩ ጎን ነው።

ወደ ልጅቷ እንመለስ፤ ምክንያቱም ማስረጃዋ እየጠፋባት ነው። ሰው ሲናደድ የመጀመሪያ ሥራው ብሎክ ማድረግ ነው፤ ያንን ማዘግየት አለባት። ስክሪንሾት ብቻውን ደካማ ነው፤ ማንም ሊሠራው እንደሚችል ማንም ያውቃል። የቪዲዮው ሊንክ፣ የአካውንቱ ስም ከነ ምልክቱ (የሚታየው ስም በደቂቃ ይለወጣል፣ ከ«@» ቀጥሎ ያለው ግን ለመከታተል ይመቻል)፣ ቀንና ሰዓት፣ ቪዲዮው ራሱ ወርዶ የተቀመጠ፣ እና ሲያወርዱት አብሮ ያየ አንድ ምስክር። አዋጅ 958 የኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ተቀባይነት እንዳለው ይደነግጋል፤ ትክክለኛነቱን የማስረዳት ሸክም ግን የሚያቀርበው ሰው ላይ ነው። ቀኑም ይቆጠራል፦ በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል አቤቱታው ድርጊቱ ከታወቀበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ካሳው ክስ ደግሞ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ።

አካውንቱ የውሸት ስም ከሆነስ? ያኔ ባለቤቱን ማግኘት የምትችለው በመንግሥት በኩል ብቻ ነው። አገልግሎት ሰጪዎች፣ ማለትም ኢትዮ ቴሌኮምና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳፋሪኮም፣ ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን የትራፊክ ዳታ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጡ በአዋጅ 958 ይገደዳሉ። ይዘትን በቀጥታ ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቁልፍ መሠረተ ልማትን ሊጎዳ የሚችል አስቸኳይ ነገር ሲኖር ግን የፍትሕ ሚኒስትሩ (አዋጁ ሲወጣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ) ያለ ፍርድ ቤት ሊፈቅድ ይችላል፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ምክንያቱን እስካቀረበ ድረስ። ለስልክ ጠጋኟ ልጅ ይህ መሣሪያ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ለእሷ ኃይለኛ ሆኖ የተጻፈ ሕግ እሷ ጋ ሲደርስ ይደክማል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን በተወሰነ መልኩ ሊለውጠው ይችላል፤ ስለ ሰው የተሰበሰበ መረጃ ያለ ሕጋዊ ምክንያት እንዳይያዝና እንዳይተላለፍ ይደነግጋል፣ ቁጥጥሩንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ሥራው ከየት እንደሚጀምር ማወቅ የሚፈልግ የትኛውም ፎቶ ኮፒ ቤት ይግባ። ኮምፒዩተሩ ዴስክቶፕ ላይ የማያውቃቸው ሰዎች መታወቂያ፣ የልደት ካርድ፣ የፓስፖርት ስካን ተደርድሮ ያያል፤ በቴሌግራም ተልከው፣ ታትመው፣ እዚያው የቀሩ። ማንም ክፉ አላሰበም። ማንም ግን አላጠፋውም።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ባለ ጉዳይ ግን የቪዲዮውን ሊንክ ለሚሊዮን ሰው የገፋው ኩባንያ ነው። አዋጅ 1185 የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች የጥላቻ ንግግር ወይም ሐሰተኛ መረጃ እንዳለ ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስወግዱ ያዛል። በአሜሪካ ይህ ዓይነቱ ግዴታ የለም ማለት ይቻላል፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮሙኒኬሽን ሕግ 230ኛ ክፍል ድርጅቶቹን ሌላ ሰው ከለጠፈው ነገር ተጠያቂነት ነፃ አድርጓቸዋል። የእኛ ሕግ ያዛል፣ የእነሱ ሕግ ይምራል፤ ማስጠንቀቂያውን ተቀብሎ የሚፈርም ሰው ደግሞ አዲስ አበባ የለም። መንግሥትም አቅም ሲያጥረው ሌላ መንገድ ይመርጣል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ጠፋ። የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውዝግብ ወቅት የተዘጉት ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ እስከ ሐምሌ አልተከፈቱም። ለአንዱም ቢሆን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሕዝብ አልተነበበም። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀድሞ፣ ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ ከኡራኤል በእግር በሚደረስበት በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) አዳራሽ ተቀምጦ ነበር። ከመላው ዓለም የመጡ ሰዎች ስለማይቋረጥ ኢንተርኔት ሲመክሩ፣ የትግራይ ሕዝብ ከኢንተርኔት ከተቆረጠ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

ኩባንያውን ራሱን ችሎት ያቆመው ጉዳይ የመጣው ከባሕር ዳር ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሜአሬግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ቤታቸው በር ላይ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፌስቡክ ላይ ስማቸውን፣ ፎቶግራፋቸውንና የሚኖሩበትን አካባቢ እየጠቀሱ የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች ወጥተው ነበር፤ ልጃቸው አብርሃም ጽሑፎቹ እንዲወርዱ ለድርጅቱ ደጋግሞ አመልክቷል። ከግድያው አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ የድርጅቱ አሠራር ኢትዮጵያን በመሰሉ አገሮች የብሔር ግጭት እያባባሰ ነው ብላ መስክራለች። ታኅሣሥ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. አብርሃም ከአምነስቲ ኢንተርናሽናሉ ፍሥሐ ተክሌና ካቲባ ከተባለው የኬንያ ድርጅት ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ከሰሰ። የጠየቁት አንድ ቪዲዮ እንዲወርድ አይደለም፤ ጥላቻን የሚገፋው ስልተ ቀመር እንዲለወጥ፣ ለአካባቢው ቋንቋዎች በቂ ተቆጣጣሪ እንዲቀጠርና 200 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ገደማ የተጎጂዎች ፈንድ እንዲቋቋም ነው።

ናይሮቢን የመረጡት በከንቱ አይደለም። የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ጽሑፎችን የሚያጣሩት ሠራተኞች በዚያ ከተማ፣ ሳማ በተባለ ድርጅት በኩል ይሠሩ ስለነበር ጥፋቱ የተፈጸመው በከፊል ኬንያ ውስጥ ነው ብለው ተከራከሩ። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም አለ። መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን አለኝ ብሎ ክሱ እንዲቀጥል ወሰነ። ባሕር ዳር በተፈጸመ ግድያ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ናይሮቢ ይሟገታል ማለት ነው።

የእኛዋ ልጅ ክስ ያን ያህል አይደለም፤ ማንም አልሞተባትም፤ የተቆረጠችው ሳቋ ብቻ ነው። ግን እሷም ቲክቶክን ራሱን ልክሰስ ብትል ጉዳዩ የውጭ ድርጅት ያለበት ስለሆነ ከመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አልፎ ወደ ልደታው የፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ የዚህ ዓይነቱን ጉዳይ ማየት ገና በ1988 ዓ.ም. በወጣውና ዛሬ በሌላ በተተካው አዋጅ ቁጥር 25 ለእሱ ተሰጥቶ ነበር። እዚያ ያለው ዳኛ መዝገቡን ሲከፍት፣ ውጭ አገር የተቀመጠ ተከሳሽ በየትኛው ሁኔታ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት እንደሚዳኝና የየትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛው በዝርዝር የሚነግረው ራሱን የቻለ ሕግ የለውም፤ ረቂቁ ተጽፎ ለዓመታት ሳይታወጅ ቀርቷል። ቢወስንላት እንኳ፣ ለተሸማቀቀችበት የሚቆርጥላት ከ1,000 ብር አይበልጥም።